ተመላልሶ የሚመጣ ሰው

ብዙዎቻችን ብቸኝነትን የፈረንጅ በሽታ አድርገን ነው ያደግነው። እዚያ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሞቶ ቀናት ያልፋሉ፣ በሩን የሚያንኳኳ የለም እንባባላለን። እኛ ጋ ግን ጎረቤት አለ፣ ቡና አለ፣ ማኅበር አለ፣ ዘመድ አለ። ይህ ውሸት አይደለም። ችግሩ፣ አለ የምንለው ነገር ሳናስተውለው እየሳሳ መምጣቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሰዎችን ማኅበራዊ ግንኙነት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። የኮሚሽኑ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይ ወጣ። በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ ይናገራል። ከብቸኝነት ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት ከ871,000 በላይ ይገመታል። በየሰዓቱ 100 ሰው ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። በሀብታም አገሮች ብቸኝነት የሚሰማቸው ሰዎች 11 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በድሃ አገሮች 24 በመቶ ገደማ ናቸው። ከእጥፍ በላይ።

ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጅ ለሥራ ከገጠር ወደ ከተማ ይሄዳል። ከከተማ ደግሞ ወደ ጂዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት። ጦርነት መንደሩን በትኖ ሰውን በማያውቀው ከተማ ያስጠልለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ለልማት ሲነሳ፣ ለዓመታት አንድ ጀበና የከበቡ ሰዎች አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ይደርሳቸዋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ማን ከማን ጋር ይጎራበታል ብሎ የሚጠይቅ የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ጉልበታቸው እምቢ ሲል፣ ደረጃው ብቻውን ከሰው ይለያቸዋል። እንግዲህ ባህላችን አልሞተም። የቆመበት መሬት ነው የተነቃነቀው።

ለሰው ከምንሰጠው ሁሉ ዘልቆ የሚቆየው ጊዜያችን ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲዘልቅ የሚያደርገው ደግሞ ያው ሰው ተመላልሶ መምጣቱ ነው። አንድ ቀን በትልቁ መጥቶ መጥፋት ሌላ ነገር ነው። ይህን የምለው ጥሩ አባባል ስለሆነ አይደለም። ከሕፃናት አንጎል ጀምሮ እስከ አረጋውያን ዕድሜ ድረስ የተጠና ጉዳይ ስለሆነ ነው።

በጣም ከሚያሳዝነው ማስረጃ ልጀምር። ሮማኒያን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የገዛት ኒኮላይ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት ሲል እ.ኤ.አ. በ1966 ጽንስ ማቋረጥን ከለከለ። ወላጆች ማሳደግ ያልቻሏቸው ልጆች ወደ መንግሥት ማሳደጊያ ገቡ። አገዛዙ በታኅሣሥ 1989 ሲወድቅ በእነዚያ ተቋማት ውስጥ ከ100,000 በላይ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ነበሩ። ወደ ውስጥ የገቡ ጎብኚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ዝምታውን ነው። ክፍሉ በሕፃናት ተሞልቷል፣ የሚያለቅስ ግን የለም። አልቅሰው አልቅሰው ማንም ስላልመጣ ማልቀሱን ትተውታል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ አንድ ጥናት ጀመሩ። በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን ወሰዱ። ግማሾቹ በዕጣ ለዚሁ ሥራ ወደተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ። ሌሎቹ በነበሩበት ቀጠሉ። ከዚያ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ማሳደጊያው ውስጥ የቀሩት ልጆች የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ደካማ ነበር። የማሰብ ችሎታቸውም፣ ቋንቋቸውም፣ የሰውነታቸው እድገት ጭምር ወደ ኋላ ቀርቷል። ቤተሰብ ያገኙት ግን ብዙውን ነገር መልሰው አገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት።

ልብ በሉ፤ ማሳደጊያው ውስጥ ምግብ ነበር። ልብስ፣ አልጋ፣ ሠራተኛም ነበር። ሠራተኞቹ በፈረቃ ይቀያየራሉ። ሕፃኑ ዛሬ ያቀፈችውን ሴት ነገ አያገኛትም። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ያው ፊት ከመጣ፣ ሲስቅ ያው ፊት ከሳቀለት፣ አንጎሉ አንድ ነገር ይማራል። ስጣራ የሚሰማኝ አለ ብሎ ይማራል። ሌላው ትምህርት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የሰው ጊዜና ፍቅር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቀራል የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ለእኛ አገር ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉት እዚሁ፣ በእኛው መካከል ነው። በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ መውሰድ ለሚችል ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም። መውሰድ የማንችለው ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው በበዓል ዋዜማ በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ማሳደጊያ መሄድ ነው። ዳቦ እንቆርሳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ሕፃናቱ አንገታችን ላይ ይንጠለጠላሉ። ማታ እንመለሳለን። ልብ የሚነካ ቀን ነው፤ የዘይቱና የዱቄቱ እርዳታም ያስፈልጋል። ለልጁ ግን ሌላ የመጣና የሄደ ፊት ነው። በየገና በዓሉ ከሚመጡ 50 ሰዎች ይልቅ፣ በየቅዳሜው የሚመጡ ሁለት ሰዎች ቢኖሩት ምን ያህል በተጠቀመ። ቅዳሜ ዕለት የቤት ሥራውን አብሮት የሚሠራ፣ ያለፈው ሳምንት የወደቀው ጥርሱ የት እንደገባ የሚጠይቀው ሰው።

አበበች ጎበና ይህን ያለ ምንም ጥናት ያወቀች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980 ወሎ በድርቅ በተጎዳበት ጊዜ ግሸን ማርያም ልትሳለም ሄደች። መንገድ ላይ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አየች። ከዚያ ጉዞ ሁለት ልጆች ይዛ አዲስ አበባ ተመለሰች። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰብ ተቃወመ፣ ትዳሯም ፈረሰ። ልጆቹን ግን አልመለሰችም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኮቪድ ሕመም እስክታርፍ ድረስ አርባ ዓመት አብራቸው ኖረች። ድርጅቷ በኋላ ትልቅ ሆነ፣ ትምህርት ቤትም ሌላም ሌላም ሥራ ጨመረ። መነሻው ግን አንዲት ሴት ልጆችን ቤቷ አስገብታ በማግስቱም እዚያው መገኘቷ ነው። እንደገና በማግስቱም።

ሌላዋ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤቷ ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር ከአውስትራሊያ የመጣችው ለሦስት ዓመት ተዋውላ ነበር። የሥራ ቦታቸው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነበር። እዚያ የፊስቱላ ሕመምተኞችን አዩ። ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ በጠረኑ ምክንያት ባልም ጎረቤትም የሸሻቸው ሴቶች። የፊስቱላ ሆስፒታላቸው በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። ሬጂናልድ በ1993 አረፈ። ካትሪን ቀጠለች። በ2020 በ96 ዓመቷ ስታርፍ፣ ለሦስት ዓመት የመጣችበት አገር ውስጥ 61 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። በእነዚህ ዓመታት በሆስፒታሎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ተጽፏል። እኔ ማንሳት የምፈልገው አልጋው አጠገብ ስለምትቀመጠው ሴት ነው። በሐምሊን ሆስፒታል ከረዳት ነርሶቹ ብዙዎቹ የቀድሞ ሕመምተኞች ናቸው። አንዲት ልጅ ከገጠር ተሰቃይታ መጥታ አንሶላ ውስጥ ፊቷን ስትደብቅ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ያንኑ ያለፈች ሴት ናት። "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ" ማለት የምትችል ሴት። ይህን ማንም ሐኪም በመድኃኒት ማዘዣ ሊጽፈው አይችልም። ማሚቱ ጋሼም የመጣችው እንደ ሕመምተኛ ነበር። ታክማ እዚያው ቀረች። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆነች፣ ቀስ በቀስ ከሐምሊኖች አጠገብ ቆማ ራሷ መጠገን ተማረች። የሕክምና ኮሌጅ ደጃፍ ሳትረግጥ በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። ሁለት ሰዎች ለአንዲት ልጅ የሰጡት ጊዜ በእሷ እጅ ወደ ሌሎች ሴቶች ተሻገረ። ዘላቂ ስጦታ ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው።

እዚህ ላይ፣ "ጥሩ፣ ግን እነዚህ ሕይወታቸውን ሙሉ የሰጡ ብርቅዬ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ተራ ሰው ነኝ" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለዚህ ነው የዚምባብዌን አያቶች ታሪክ የምወደው።

ዲክሰን ቺባንዳ ዚምባብዌያዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ አንዲት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ሕክምና ልትመጣ ነበር፤ ለአውቶቡስ 15 ዶላር ግን አልነበራትም። ይህ አላስተኛውም። በዚያን ጊዜ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ደርዘን ቢሞሉ ነው። ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል የድሆች ሰፈር በ2006 ሥራ ሊጀምር ሲል ትርፍ ክፍልም ትርፍ ነርስም የለም ተባለ። የተሰጡት 14 አያቶች ነበሩ። በሰፈሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ የሆኑ፣ ብዙ ትምህርት የሌላቸው ሴቶች። ክፍል ስለሌለ ከክሊኒኩ ውጭ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥራውም "የወዳጅነት ወንበር" ተባለ።

አያቶቹ አጭር ሥልጠና ወሰዱ። የተጨነቀ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል። መጀመሪያ እንዲናገር ያደርጉታል። ከዚያ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥና የሚሞክረውን አንድ ነገር ራሱ እንዲያስብ ይረዱታል። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ያቺው አያት አለች። "ያ ነገር እንዴት ሆነ?" ትለዋለች። ጥያቄዋ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ጉዳይህን በልቡ ይዞት እንደነበር መስማት ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱን በ24 የሐራሬ ክሊኒኮች 573 ሰዎች ላይ አጠኑት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግማሾቹ አሁንም የድብርት ምልክት ነበረባቸው። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 በመቶዎቹ ብቻ። ዛሬ ይህ ወንበር ማላዊና ዛንዚባር ገብቷል። ባሕር ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲም ደርሷል። ቺባንዳ ስለ አያቶቹ ሲናገር የሚያነሳው አንድ ነገር አለ፤ ነርሶች የተሻለ ሥራ ሲያገኙ ይሄዳሉ፣ አያቶቹ ግን ከሰፈሩ አይሄዱም። እንደገና እዚያው ነጥብ ላይ ደረስን።

ሰጪውም ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረው የሐርቫርድ ጥናት 724 ወንዶችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከትሏል፤ ከዚያም ወደ ልጆቻቸው ተሻግሯል። በ50 ዓመታቸው ከሰዎች ጋር ባላቸው ግንኙነት የረኩት፣ በ80 ዓመታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ጤነኛ ሆነው ተገኝተዋል። በ50 ዓመታቸው የነበረው የኮሌስትሮል መጠን የኋላውን ጤናቸውን ያን ያህል አልጠቆመም። ለዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈር ልጆች የሚያስጠኑ መምህር የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ ምክንያቱም በእኛ ዘመን ፍቅር በብዛት የሚጓዘው በሐዋላ ነው። ገንዘብ መላክ ፍቅር አይደለም የሚል ካለ የተራበ ቤት አይቶ አያውቅም። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች፣ ሌሊት ጥቂት ሰዓት ተኝታ ደሞዟን ለእናቷ የምትልክ ልጅ ያላትን ሁሉ እየሰጠች ነው። የእህቷ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የአባቷ መድኃኒት ከዚያ ነው። ማንም ስለ ጊዜ ሊሰብካት አይገባም። ጊዜዋ በአሠሪዋ እጅ ነው።

ነገር ግን ብዙ ቤት ውስጥ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ስልኩ ቀስ በቀስ የገንዘብ ስልክ ብቻ ይሆናል። "ደረሰሽ?" "ደረሰኝ።" "ስንት አሉሽ?" "ይህን ያህል።" "በቃ፣ ደህና ሁኚ።" እናት ሌላ ልትናገር የፈለገችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ልጅም መላክ ያልቻለችበት ወር ለመደወል ታፍራለች። ብር ሲጠፋ ድምፅም ይጠፋል። ይህ ለሁለቱም ወገን ትልቅ ኪሳራ ነው። አንድ መፍትሔ እኔ አይቻለሁ፤ ስለ ገንዘብ የማይወራበት ስልክ መለየት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በኢሞም ይሁን በዋትስአፕ። ዶሮዋ ስንት እንቁላል ጣለች፣ ማን አገባ፣ ዛሬ ምን ወጥ ሠራሽ፣ እንዲህ ያለ ወሬ። ያገር ቤት ሰውም የራሱን ድርሻ ያድርግ። ውጭ ያለች ልጅ "አንቺስ እንዴት ነሽ? ደከመሽ?" ተብላ የምትጠየቀው ስንቴ ነው? ጊዜ መስጠት ከእናት ወደ ልጅም ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም የራሳቸው ሕመም አላቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በአረጋውያን ቤት እየዞሩ በመንከባከብ ሥራ ይተዳደራሉ። የሰው እናት ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ይሰጣሉ። የራሳቸውን እናት ግን ደሴ ወይም ጎንደር ውስጥ የቀጠሯት ልጅ ትንከባከባለች። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ቢሆንም ሌሊት ላይ የሚመጣ ሐሳብ ነው። አንዳንዶች ያገኙት መንገድ በየዓመቱ በዓል ጠብቆ ከመምጣት፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ መጥቶ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ነው። በዓል ላይ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ከእናት ጋር ብቻን ለመቀመጥ ጊዜ አይገኝም። በተራ ወር፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት ከሰዓት ላይ ነው እናት ያልተናገረችውን የምትናገረው።

ስለ ጊዜ ስናወራ ግን የማይነሳ አንድ እውነት አለ። ይህ ስጦታ በአብዛኛው የሚወጣው ከሴቶች ነው። አባት ሲታመም ሥራ የምትለቀው ሴት ልጅ ናት። አያት አልጋ ላይ ሲውሉ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ትንሿ ናት። ወንድሟ ቅዳሜ መጥቶ እጅ ነስቶ ብር ትቶ ይሄዳል። "ምስጉን ልጅ" ትባላለች እንጂ አንድም ቀን አይተካትም። ሳትጠየቅ የተወሰደባትን ጊዜ ስጦታ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ለሕመምተኛው ጊዜ መስጠት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምታስታምመዋን ሴት ይይ። እሁድ ከሰዓት እሷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጓደኛዋን አግኝታ እስክትመለስ አባትዬው አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። ኬክ ይዞ ከመምጣት በጣም ይሻላል። ወንድም ከሆነ ደግሞ እንደ ውለታ አይቁጠረው፤ ድርሻው ነው።

"ጊዜ የለኝም" የሚለውንም በቀላሉ አላልፈውም። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ታክሲ ሰልፍ፣ መሃል ላይ ሥራ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሥራ። የኑሮ ውድነቱ የሰውን ቀን በልቶታል። ስለዚህ ከማንም ረጅም ሰዓት አልጠይቅም። የዚምባብዌ አያቶች ከአንድ ሰው ጋር የሚቀመጡት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜም የሚገናኙት ስድስት ጊዜ ያህል ነው። ሠላሳ ደቂቃ ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ከሆነ በቂ ነው። በአንድ እጅ ቲክቶክ እያገላበጡ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ልጆች ይህን ከማንም በፊት ያውቃሉ። አባታቸው እያያቸው መሆኑንና አለመሆኑን ከዓይኑ ይለያሉ።

መልካሙ ነገር፣ ለዚህ ሥራ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም። እድር አለ። ብዙ እድር ውስጥ አባል ለቅሶ ቤት ካልተገኘ ይቀጣል። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ሰውም ቢሆን ይቀጣል። ይህን ደንብ ያወጡ ሰዎች ብር የሰውን መገኘት እንደማይተካ ያውቁ ነበር። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የእድሩ ንብረት ነው፤ ዋናው ግን ሰው ከሐዘንተኛው ጋር መቀመጡ ነው። ሠልስት እስኪያልፍ ያ ቤት ባዶ አይሆንም።

የጎደለው፣ ይህ ሁሉ ጉልበት የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ብቻቸውን የተቀመጡ አባት ሲያርፉ ድንኳኑ ሞልቶ ይፈሳል። ከዚያ ሰው ውስጥ አንድ አምስቱ በሕይወት ሳሉ በሳምንት አንዴ ቢመጡላቸው ኖሮ ብዬ ሳላስብ ከእንዲህ ያለ ለቅሶ ተመልሼ አላውቅም።

እድር ከቀብር አልፎ መሥራት እንደሚችል ደግሞ ታይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራግፈው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ ቤት ለቤት ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ዛሬ የሚያስፈልገው ከዚያ ይቀላል። እድሩ የአባላቱን ስምና ቤት በመዝገብ ይዟል። ማን ከልጆቹ ጋር እንደሚኖር፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ጸሐፊው ያውቃል። ዱሮ በወሩ እሁድ መዋጮ ሊከፍሉ የሚመጡ እናት ከቀሩ "ምነው፣ አሟቸው ይሆን?" የሚል ይገኝ ነበር። አሁን በባንክና በቴሌብር መክፈል እየተለመደ ነው። ምቹ ነው፤ ያ ጥያቄ ግን አብሮ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ብቻቸውን ለሚኖሩ ለእያንዳንዱ አባል በቅርብ ያሉ ሁለት ሰዎች ይመደቡ። በየሳምንቱ የማይቀያየሩ፣ ያው ሁለት ሰዎች። አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲሄድ። የሚሄዱት ዳቦ ለማድረስ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ለመቀመጥ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ለቅሶ ያልደረሰ እንደሚቀጣ ሁሉ ተራውን ያልጠበቀም ይጠየቅ። በወር አንዴ ለሰብሳቢው "እማማ ደህና ናቸው፣ መነጽራቸው ተሰብሯል፣ ልጃቸው አልደወለም" ብለው ይንገሩ። ውጭ ያለች ልጅም የእነዚህን ሁለት ሰዎች ስልክ ትያዝ። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ብቻቸውን የሚኖሩትን ስም አንድ በአንድ ማውጣቱን ነው፤ ይህም በአንድ እሁድ ያልቃል።